ማሞቂያ የበራላቸው ሽማግሌዎች

ትዕቢት በወጣት ላይ ሲያድር ብዙውን ጊዜ ጫማ ወይም ፀጉር መርጦ ይቀመጣል። የነቀምት ከተማ፣ የቡርቃ ጃቶ ሰፈሩ ደረሳ ትዕቢት ግን የሰፈረው በመኪናው ሞተር ላይ ነበር። አሮጌ አውቶሞቢሉ ዳገት ባየ ቁጥር ማቃሰት ስላበዛ፣ ሞተሩን አውጥቶ ጉልበቱ የበረታ ሌላ ሞተር አስገባበት። ይህን ባደረገ ሰሞን፣ ሊያገባት ለሚመኛት ለሊሊሴ አባት ለኦቦ ገቢሳ፣ «ሽማግሌዎቼን በገዛ መኪናዬ፣ ከቀትር በፊት ኑኑ ቁምባ ካለው ቤትዎ አደርሳለሁ» ሲል በሰው አፍ ላከባቸው። ኦቦ ገቢሳም፣ «ከቀትር በኋላ ለሚመጣ ሽማግሌ ደጄ ዝግ ነው፤ በቃሉ ያልተገኘ ሰው ልጄን አያገኝም» ብለው መለሱ። ለቀልድም ለቁም ነገርም አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ሰው ስለሆኑ፣ መልሳቸው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ያወቀ አልነበረም።

አዲሱ ሞተር ትልቅ ነው፤ ሞተሩን በውሃ የሚያበርደው ራዲያተር ግን ለቀድሞው ትንሽ ሞተር የተሠራው ነበር። መካኒኩ ቀነአ፣ የሚመጥነው ራዲያተር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ከከተማ እንዳይወጣ መከረ። ምክሩ እንደማይሰማ በተረዳ ጊዜ ሌላ ጨመረበት፦ «እንግዲያው ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ሽቅብ ሲል፣ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈተው። የሞተሩን ሙቀት ስቦ ወደ እናንተ ያመጣዋል። ሞተሩ ይድናል፤ እናንተ መስኮት ትከፍታላችሁ።»

የሁለተኛው ምክር የመጀመሪያ ክፍል ተፈጸመ።

በዕለቱ ከደረሳ ጋር የተሳፈሩት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው አባታቸው ከሸዋ መጥተው ነቀምት የቀሩት፣ በዳኝነት ሥራ ያረጁት አቶ ሽብሩ ናቸው። ሁለተኛው ጨርቅ ነጋዴው ኦቦ ዋጋሪ፣ በጸሎት ቤታቸው የተከበሩ፣ ከጸሎት ቤት ውጭ ግን ሳቅ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ ነፋስ መትቷቸው ከቤት ቀርተዋል።

ዳገቱ ሲጀመር መርፌው ተነሣ። ደረሳ ማሞቂያውን ከፈተ።

«ልጅ ደረሳ፣ ይህ የሚነፍሰው ምንድን ነው? እግሬን ሊቀቅለኝ ነው» አሉ አቶ ሽብሩ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

«ማሞቂያ ነው፣ ጋሼ። ሞተሩ እንዳይግል ሙቀቱን እየተካፈልነው ነው።»

«እየተካፈልነው! እኛ ከሞተሩ ጋር ምን ዝምድና አለን?»

«ለዝምድና አይደል የወጣነው? ከሞተሩ እንጀምር» አሉ ኦቦ ዋጋሪ ከኋላ።

ደረሳ ቀስ ብሎ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ዝጋ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። «ላብ ባወጣ ገላ ላይ ነፋስ! ሦስተኛችንን ያስተኛው ምን ሆነና?»

በአገራችን ሰው ከጅብ ጋር ሊደራደር ይችላል፤ ከመስኮት ነፋስ ጋር ግን አይደራደርም። የተማረውና ያልተማረው፣ ቀዳሹና ሰባኪው፣ በዚህ አንድ ሃይማኖት ናቸው። ደረሳም ተጨነቀ። ማሞቂያውን ቢዘጋ ሞተሩ ይቃጠላል፤ መስኮቱን ቢከፍት ትዳሩ በአንደበታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሁለት ሰዎች ይቀየሙታል። ስለዚህ ማሞቂያው እንደ ተከፈተ፣ መስኮቱ እንደ ተዘጋ፣ ሽማግሌዎቹም እንደ ተከበሩ ዳገቱን ወጡት።

ዳገቱ አናት ላይ መርፌው እንደገና ስላስፈራው፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ኮፈኑን አነሣ። ሞተሩ እስኪበርድ ታገሠ፤ የራዲያተሩን ክዳን በወፍራም ጨርቅ ይዞ በጥንቃቄ ከፈተ፤ ከዚያም ከኋላ ያለውን ጀሪካን አምጥቶ አንድ ጠብታ ሳያስቀር ገለበጠበት።

«ያ የመጠጥ ውሃችን አይደለም?» አሉ አቶ ሽብሩ።

«ነበረ፣ ጋሼ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!»

«ይተዉት፣ አቶ ሽብሩ» አሉ ኦቦ ዋጋሪ ግንባራቸውን በጋቢ ጫፍ እየጠረጉ። «ለሽምግልናው ሞተሩን እንላከው። ከመካከላችን ጉሮሮው የረጠበ እሱ ብቻ ነው።»

ከቀትር በፊት ደረሱ። ደረሳ እንደ ወጉ ከመኪናው አጠገብ በግቢው ቀረ፤ ሽማግሌዎቹ ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉም ይታየዋል።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ» ብለው ተቀበሏቸው ኦቦ ገቢሳ። በላብ የራሱትን እንግዶች ከእግር እስከ ራስ ተመለከቷቸው። «በእግር ነው የመጣችሁ?»

«በመኪና ነው» አሉ ኦቦ ዋጋሪ።

«እየገፋችሁ?»

ሽማግሌ ጉዳዩን ተናግሮ እሺታ እስኪያገኝ ድረስ አይቀመጥም፤ ከሚለምነው ቤትም እህል ውሃ አይቀምስም። ኦቦ ገቢሳ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ስለዚህም ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውሃ ማሰሮ በገዛ እጃቸው አንሥተው፣ ድምፁ በደንብ እንዲሰማ ከፍ አድርገው፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዱና በሽማግሌዎቹ ፊት አኖሩ።

«እንደማትጠጡ አውቃለሁ። እኔ ሲቀዳ ድምፁን እወደዋለሁ።»

አቶ ሽብሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣንበት ጉዳይ...» ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣበቀ። «የመጣንበት...» አሉ እንደገና። ከዚያም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሲቆጡበት የኖሩትን ወግ ረስተው፣ ብርጭቆውን አንሥተው እስከ ታች ጠጡት። ኦቦ ዋጋሪም ሌላ ምስክር አልጠበቁም።

ከውጭ ደረሳ ይህን አየ። ሽማግሌዎቹ አንድ ቃል ሳይለምኑ ጠጥተዋል! ጉዳዩ የተበላሸ መስሎት በኮፈኑ ላይ ተደገፈ፤ ኮፈኑ ገና ይፋጅ ስለነበር ብድግ አለ።

«አቶ ሽብሩ፣ እርስዎ ወግ አዋቂ ነዎት» አሉ ኦቦ ገቢሳ፣ ማሰሮውን እንደያዙ። «ሳይለምኑ የሚጠጡ ሽማግሌዎች ምን ይባላሉ?»

«የተጠሙ ይባላሉ።»

ከጓዳው በር የሊሊሴ እናት አዴ ድንቅነሽ ሳቁ። «የሊሊሴ አባት፣ ሳይለምኑ መጠጣቱስ ነውር ነው እንበል። እሺ ሳይሉ በገዛ እጅ መቅዳት ምን ይባላል?»

ኦቦ ገቢሳ በእጃቸው ያለውን ማሰሮ ተመለከቱ። «ቀልዴን ነው እኮ።»

«ቀልድዎን ጠጥተነዋል» አሉ አቶ ሽብሩ፤ ውሃው አንደበታቸውን ፈቶት የዳኝነት ድምፃቸው ተመልሷል። «አባት በገዛ እጁ ያጠጣውን ሽማግሌ ከደጅ መመለስ በየትኛውም ወግ የለም። የደረሳን ነገር ይዘን መጥተናል፤ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን።»

«ሁለት ጊዜ ልመልሳችሁ አስቤ ነበር። ወግ ነው።»

«በዚያ መኪና ሁለት ጊዜ?» አሉ ኦቦ ዋጋሪ። «ኦቦ ገቢሳ፣ እግዚአብሔርን ይፍሩ!»

የኦቦ ገቢሳ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ። በጓዳው በር በኩል ሊሊሴ ከእናቷ ትከሻ ጀርባ መቆሟን አይተው፣ በዓይኗ መስማማቷንም ተመልክተው፣ ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ።

አቶ ሽብሩ ጋቢያቸውን አስተካክለው በክብር ተቀመጡ፤ ኦቦ ዋጋሪም ተከተሏቸው። ደረሳ የተባለውን አልሰማም፤ ሁለቱ ሲቀመጡ ግን አየ። እሱም በአዲሱ ሱፍ ልብሱ እዚያው ግቢው አቧራ ላይ ቁጭ አለ።