የፓሲታ ከንፈር

አያ ክሪስፑሎ ድምፁስ ይሰማቸዋል፤ ሰው ሲበዛ ቃሉ ነው የሚምታታባቸው። ሐኪሟ «የሚያናግርዎትን ሰው ከንፈር ከንፈሩን ይዩ» ካለቻቸው ወዲህ ዓይናቸውን ከሚስታቸው ከፓሲታ ከንፈር ላይ አልነቅል ብለዋል።

በፊሊፒንሷ መንደራቸው ጣት የሚቀስር የለም፤ የሚጠቆመው ከንፈር በማሞጥሞጥ ነው። አንድ ረፋድ ጎረቤቱ ደጃፋቸው ላይ ተሰብስቦ ሲንጫጫ፣ ከአያ ክሪስፑሎ ጀርባ አንዲት ድመት ወደተሰጣው ዓሣ ተንጠራራች። ፓሲታ ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ጠቆሟቸው። እሳቸው ከንፈሩን ትክ ብለው አዩት፤ ተነሡና ሳሙት! ጎረቤቱ በሳቅ ፍርስ አለ።

«ድመቷን ነው ያልኩህ፣ አንተ ሰውዬ! ዓሣው አለቀ እኮ!»

በማግስቱ ጎረቤትም፣ ዓሣም፣ ድመትም አልነበረም። ፓሲታ ግራ ቀኙን ቃኙና ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ።