የተጠረገው ቀስት

ቀስቱ አጋዘኑን በስቶ አልፎ ከኦክ ዛፉ ሥር እርጥብ አፈር ላይ ተሰክቷል። ሌላንድ ነቀለውና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ፈርስ ፈርስ ሸተተው። እንጨቱ ላይ ደም አለ፤ ደሙ ላይ ደግሞ ያልተፈጨ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል።

«ወይኔ! ጨጓራውን ነው ያገኘሁት» አለ ለራሱ፤ እዚያው ቅጠሉ ላይ ቁጭ አለ።

ይሄን ያለው ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደል፤ ደጋን የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይስታል። ሌላንድ ግን በዚያ በምዕራብ ዊስኮንሲን ኮረብታ ሥር ላደገ አዳኝ ሁሉ አስተማሪ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ነሐሴ በመጣ ቁጥር፣ ራሱ ከጣውላ የሠራውን አጋዘን ተሸክሞ የቀበሌው አዳራሽ ይገባል። ጣውላው ጎድኑ ላይ እንደ መስኮት ይከፈታል፤ ውስጡ ሳንባው፣ ልቡ፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው በቀለም ተስሏል። «እዚህ ነው» ይላል፣ ከፊት እግሩ ጀርባ ጣቱን ጭኖ፤ «ከደረቱ ሲሶውን ወደ ላይ። ከዚህ ስንዝር ወደኋላ ከሄድክ አንተ አዳኝ አይደለህም፣ አሰቃይ ነህ። ከሳትክም ቀስቱን ጠይቀው፤ ቀስት አይዋሽም። ደሙ ሮዝ ሆኖ አረፋ ካለው ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ ሂድ። ከጠቆረ ጉበት ነው፤ ግማሽ ቀን። አረንጓዴ ሆኖ ከሸተተ ግን ቁጭ በል! ቀኑን ሙሉ ቁጭ በል። ካልነካኸው ቅርብ ቦታ ተኝቶ ይሞታል። ከቸኮልክ ተነስቶ ይሄድልሃል፤ እስከ ነገ ሲሰቃይ ይውላል፤ አንተም አታገኘውም።»

እና ዛሬ ጠዋት፣ በሃያ እርምጃ፣ ጎኑን ሰጥቶ የቆመ፣ ቀንዱ ስምንት ቅርንጫፍ ያወጣ አጋዘን! ልጅ የማይስተው ነበር። ግን ከሰኔ ጀምሮ የሌላንድ ቀኝ ዓይን ትኩር ብሎ ያየውን ነገር ያጠፋበታል። ዳር ዳሩ ይታየዋል፣ መሃሉ የለም። ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም» ብሎታል። ለሚስቱ ለአርዲስ የነገራት ግን «መነጽር ቀይር አለኝ» ነው። ገመዱን ሲስብ የአጋዘኑ ትከሻ ጠፋበት፤ «ልምዴ ያውቀዋል» ብሎ ለቀቀ። ልምድ ዓይን የለውማ!

ለምን እንደደበቃት ልንገራችሁ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የአርዲስ አባት፣ ሽማግሌው ሃልቮር፣ አንዲት ሴት አጋዘን ሆዷን ወግቶ ጠፋችበት። በማግስቱ ሰው ሁሉ ምሳ ሊበላ እነ ሌላንድ ጋራዥ ውስጥ በተሰበሰበበት፣ ሌላንድ ተነስቶ ደጋኑን ከሽማግሌው እጅ ወሰደና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። «በቃዎት፣ ከእንግዲህ አያዩም» አለው። ማንም አልተቃወመም፤ ልክ ነበራ። ሃልቮር ሳህኑን ሳይነካ ተነስቶ ሄደ፤ በሚያዝያ ሞተ። አርዲስም ከአባቷ የተማረችውን ደጋን ከዚያ ወዲህ አልነካችም። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ይሄ ዝምታ ነው ሌላንድን የሚያስፈራው፤ ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

የፒካፑ ድምፅ ከጥርጊያው በኩል ተሰማ። አርዲስ ናት፤ ቀስቱን እንደለቀቀ ደውሎላት ነበር፤ ደም መከተል የእሷ ሥራ ነው። ሌላንድ ቀስቱን አየ፤ መንገዱን አየ። ከዚያ ማንም አዳኝ ያደርገዋል ብሎ የማያስበውን አደረገ። እርጥብ ቅጠል ዘግኖ ቀስቱን ጠረገው፤ ሱሪው ላይ ደገመው፤ የቀስት ማህደሩ ውስጥ ከተተው።

«እህ፣ መምህር!» አለች አርዲስ የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል በብብቷ ይዛ፤ የደሙን መንገድ በእሱ ነው ምልክት የምታደርገው። «ቀናህ ወይስ ዛፍ ገደልክ?»

«ሳንባውን። ሁለቱንም።»

«ጎሽ! ቀስቱስ?»

«እዚህ አለ። ሮዝ አረፋ ነበረበት» አለ።

«ዝናብ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይላሉ። ግማሽ ሰዓት ከሞላው እንሂዳ፤ ኋላ ደሙን አጥቦት ስናለቅስ እንዳንውል።»

እዚህ ላይ «ቆይ» ማለት ነበረበት። አንዲት ቃል! አልወጣችም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ተከተላት። እሷ ጎንበስ ብላ ጠብታ ትፈልጋለች፣ ወረቀት ቁራጭ ቅርንጫፍ ላይ ትሰካለች፣ እሱ ከኋላዋ ይሄዳል። «አምላኬ፣ ሞቶ ይገኝ» ይላል በሆዱ፤ «ዛሬን ብቻ አውጣኝ።»

መቶ እርምጃ ሳይሄዱ ከወደቀ ግንድ ጀርባ አጋዘኑ ተነሳ። ጀርባው ጎብጦ፣ ጭራው በእግሮቹ መሃል ተሸጉጦ ቆመ፤ አያቸውና እየተንገዳገደ ቁልቁል ወደ ጅረቱ ሄደ። ሌላንድ ደጋኑን እንኳ አላነሳም።

አርዲስ የተኛበት ቦታ ላይ ተንበረከከች። ደሙ ጠቁሯል፤ አረንጓዴ ተቀላቅሎበታል።

«ቀስቱን ስጠኝ» አለች።

«አርዲስ...»

«ስጠኝ አልኩህ!»

ላባውን ገለጥ አድርጋ ሥሩን አሸተተች። «ጠርገኸዋል» አለች። «ላባው ሥር ግን ረስተኸዋል። ሌላንድ፣ ቀስት ትጠርጋለህ? አንተ?»

«አላየሁትም» አለ። «ዓይኔ ነው። መሃሉ የለም። የመነጽር አይደለም፤ ዋሸሁሽ። አይመለስም አሉኝ። እንዳትነግሪኝ ብዬ ፈራሁ... እኔ ለአባትሽ ያልኩትን እንዳትይኝ ፈራሁ።»

አርዲስ የመጨረሻውን ወረቀት ሰክታ ወደ ፒካፑ ተመለሰች።

ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እነዚህ ግን የሚለቅሙት መኖሩንም አያውቁም። ስድስት ሰዓት ላይ ዝናቡ የመኪናውን የፊት መስታወት መታ። ሌላንድ እያንዳንዷ ጠብታ ደሙን ስታጥበው ታየው። ቀበሮ ቀድሞ ያገኘው ይሆን? ጅረቱን ተሻግሮ ይሆን? አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሆዱን ይዞ ቀኑን ሙሉ እየተንቀጠቀጠ ይሆን? አዎ፣ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ያደረገው ደግሞ እሱ ነው። ሦስት ጊዜ የበሩን እጀታ ያዘ።

«ቁጭ በል» አለች አርዲስ ሦስቴም፣ ሳታየው። ይዛ የመጣችውን ሳንድዊች ለሁለት ከፍላ ግማሹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። አልበላውም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወረዱ። ወረቀቱ ሟሙቶ ቅርንጫፉ ላይ ተለጥፏል፤ ደም የሚባል የለም። ሆዱ የተወጋ አጋዘን ይጠማዋልና በቀጥታ ወደ ውሃው ሄዱ። እሷ በላይ ዳር፣ እሱ በታች ዳር። አንድ ሰዓት ፈለጉ። ብርሃኑ ሊደክም ሲጀምር አርዲስ እጇን አነሳች።

ከጅረቱ ዳር፣ ቀይ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቷል። አንገቱ ቀና ብሏል። በሕይወት አለ።

ሌላንድ ተጠግቷት ቀስት ገመዱ ላይ ሰካ። ሳበ። የአጋዘኑን ጆሮ አየ፣ ቀንዱን አየ፣ ጭራውን አየ፤ ትከሻው የሚገኝበት ቦታ ላይ ግን ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነበር። እንደገና ቢስትስ? ገመዱን ቀስ ብሎ መለሰና ደጋኑን ዘረጋላት።

«አንቺ» አለ በሹክሹክታ። «አላየውም፣ አርዲስ። እባክሽ።»

አርዲስ ደጋኑን ለአፍታ አየችው። ሌላንድ ትከሻውን ከታመመ ወዲህ ያቀለለው ደጋን ነው፤ ትችለዋለች። ወሰደችው።

«ተኝቷል እኮ» አለች። «ሲተኛ የት ነው?»

«ያው ነው። ክርኑን ፈልጊ። ከክርኑ ጀርባ፣ አራት ጣት ወደ ላይ። ወደ ጎድኑ መሃል እንዳትሄጂ። አንዲት ፀጉር ምረጪ፤ ዓይንሽን ከዚያች አታንሺ።»

አንዴ ተነፈሰች። ገመዱ ጠቅ አለ። አጋዘኑ ዘሎ ለመነሳት ሞከረ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ወደቀ። አፍንጫው ላይ ሮዝ አረፋ ወጣ። ከዚያ ዝም አለ።

ሌላንድ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ፤ ሳይደብቅ፣ ድምፅ እያወጣ። አርዲስ ሄዳ የአጋዘኑን አንገት ዳሰሰችና እዚያው እንደተንበረከከች ተናገረች።

«አባቴ ሊሰጥህ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ደጋኑን። አጋዘኗ የጠፋች ዕለት ማታ ነግሮኛል። ‹ነገ ከምሳ በኋላ ለሌላንድ እሰጠዋለሁ፤ እኔ አላይም› አለኝ። ጠርጎ፣ ሰም ቀብቶ ነበር ይዞት የመጣው። አንተ ከምሳው በፊት ቀማኸው።»

ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ይወርዳል። ሌላንድ ባርኔጣውን ከፊቱ አወረደ።

«ለምን... ለምን አልነገርሽኝም? አሥራ ሁለት ዓመት!»

«ሆዱ የተወጋን ጠብቀው፣ አትቸኩልበት ብለህ የምታስተምረው አንተ ነህ» አለች። «ጠበቅኩህ። ዛሬም ጠዋት ስኒ ልታነሳ ስትስት፣ የበር ቁልፍ ቀዳዳውን ስታጣ ሁሉ አይቻለሁ። ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ሌላንድ። እንደ አባቴ ደጋኑን በራስህ እጅ ትሰጣለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«አጋዘኑ ግን...»

«አዎ» አለች። «አጋዘኑን እኔም አብሬህ አሰቃይቼዋለሁ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ዝምታም ሲበዛ እንደዚህ ያደርጋል።»

ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። በአንድ እጇ ደጋኑን እንደያዘች በሌላው አንዱን ቀንድ ያዘች።

«በዚያኛው በኩል ያዝ» አለችው። «ሳይመሽ እናውጣው።»

ያዘ። ዳገቱን እየጎተቱ ወጡ፣ እሷ ከፊት ሆና የዛፍ ሥሩን፣ ድንጋዩን እየነገረችው። ፒካፑ ጋ ሲደርሱ ደጋኑን መልሶ አልጠየቃትም።