የፈቲያ ፊት

«ለቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ» አለ ድምፅ ማጉያው፣ የማርሽ ሙዚቃው ካበቃ በኋላ። «በኅብረት ሱቃችን ስኳር ማለቁን በአብዮታዊ መንፈስ እናስታውቃለን።»

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰማ። ሰምቶም ወደ ፈቲያ ፊት ዞረ።

ፈቲያ በሱቁ ስኳር የምትመዝነው ናት። ዘመኑ ሰባ ሰባት፣ አገር በረሃብ ይረግፋል፤ የእሷ ፊት ግን እንደ ድፎ ከብቧል፣ ሆዷ ገፍቷል። ክንድና እግሯ መክሳቱን ማን ልብ ብሎ። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ሊቀመንበሩ ጓድ ከተማ ዘንድ ነው፤ የእሱ ፊት ግን ቀጭን ነው።

የሰፈሩ አራዶች «ወንጂ» አሏት። ጎረቤቷ ወይዘሮ የሺዓለም ደግሞ በአዘኔታ፣ «ወሎ ያሉት ዘመዶችሽ እንዴት ከረሙ ፈቱዬ? አንቺስ ደህና ነሽ፣ ይታያል» ትላታለች።

ጉልበቷ ሲከዳት ሐኪም ቤት ሄደች። በክንዷ ደም ስር መድኃኒት ወግተው ራጅ አነሷት። ሐኪሙ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን አሳያት፤ ቀኝ ኩላሊቷ ከቦታዋ ተገፍታ ወርዳለች፣ ከላይዋ እንቁላል የሚያህል ነገር ተቀምጧል።

«እጢ ነው። ፊትሽን ያሳበጠው እሱ ነው፤ ካልወጣ ይገድልሻል። ከቀበሌሽ የነፃ ሕክምና ወረቀት አምጪ።»

ይገድልሻል የተባለችው ሴት ቸርችል ጎዳናን እያረፈች፣ ፈገግ እያለች ወጣች። ፊቷ ምስክር አግኝቷል።

ጓድ ከተማ ለወረቀቱ ብላ ያቀረበችለትን ፊልም በቀበሌው ስብሰባ ፊት፣ ገልብጦ፣ ወደ አምፖሉ አነሳው።

«ጓዶች፣ ስኳሩ የት እንደገባ በራጅ ታይቷል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሺዓለም እንባዋን ጠረገች።

«ወረቀቱን እንሰጥሻለን» አለ ሳቁ ሲበርድ። «ጥፋቱን ላመነ ብቻ ነው ታዲያ። በልተሽዋል አልበላሽም?»

ፈቲያ ፊልሙን አየች። በእጁ እንደተገለበጠ ነው።

«በልቼዋለሁ።»

«ጮክ በይ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«በልቼዋለሁ።»

አጨበጨቡ። ከሥራ ተባረረች፤ ወረቀቱም ተሰጣት።

እጢው ወጣ። ቤቷ በተመለሰች ማግስት ጎረቤት ሊጠይቃት መጣ፤ በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። የሺዓለም ከነጠላዋ ስር በጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳር አወጣች። «ከድሮ የተረፈች ናት።» ቀጥላ የገባችውም ስኳር። የቀበሌው ዘበኛ ሚስትም ስኳር። በመጨረሻ ጓድ ከተማ ራሱ ከካፖርቱ ስር ትልቁን ጥቅል አውጥቶ ክምሩ ላይ ሊያኖር ጎንበስ ሲል፣ ውጭ ማርሹ ተሰማ።

«ለቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ። ስኳር አሁንም አለመግባቱን በአብዮታዊ መንፈስ እናስታውቃለን።»

ማንም ቀና አላለም። ጓድ ከተማ ጥቅሉን አኑሮ ተቀመጠ።

ሻይ ቀረበ። ሁሉም ያለ ስኳር ጠጡ።