በሁለቱም በኩል የሚመታው ሰው

መጋቢት ሲመጣ እኔን ሰው ብሎ መቁጠር ይቸግራል። እንቅልፍ የለኝም፣ እህል አይወርድልኝም፣ ልቤ ፍሎሪዳ ነው። ከተማችን ገና በረዶ እየጠረገ ሳለ የቤዝቦል ቡድናችን ኪንግፊሸርስ እዚያ ፀሐይ ላይ የፀደይ ልምምዱን ይጀምራል፤ እኔና ታላቅ እህቴ አርዲት በእሷ አሮጌ መኪና ተከትለን እንወርዳለን። የልምምዱ ግጥሚያዎች ውጤት ለማንም አይቆጠርም። ለእኔ ግን ከእነሱ የሚበልጥ የለም፤ የአባታችን ወንበሮች የማን እንደሚሆኑ የሚታወቀው እዚያ ነውና።

አባታችን በከተማችን ስታዲየም ሁለት ምርጥ ወንበሮች ነበሩት፣ ሲሞት ለእኔና ለአርዲት ተወልን። በሌላው ጊዜ ሁለቱንም በየተራ እንወስዳቸዋለን። የመክፈቻው ቀን ግን እሱ ራሱ በደነገገው ሕግ በውድድር ነው። ማሊያቸው ላይ ስማቸው ካልተጻፈላቸው፣ ቦታቸው ካልተረጋገጠ ኳስ መቺዎች መካከል እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንይዛለን። የያዘው ሰው ቡድኑ ውስጥ ከገባለት ሁለቱንም ወንበሮች ይወስዳል። ሁለታችንም ከተሳሳትን ወንበሮቹ ለአክስታችን ልጅ ለላይል ይሄዳሉ። ላይል ደግሞ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ጨዋታው ሳያልቅ ብድግ ብሎ የሚወጣ ሰው ነው።

አርዲት አዘውትራ ታሸንፋለች። እኔ አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈች ዓመት አብረን እንሂድ ብላኝ ነበር። ደሜ ፈልቶ ስለነበር ሌላ ሰው በዓይኑ መርጦ ባገኘው ወንበር ላይ አልቀመጥም አልኳት፤ ዛሬም ቢሆን ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ደግማ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ባሏን ግሌንን ይዛ ትሄዳለች፣ እኔ ቤቴ ሬዲዮኑን ታቅፌ እንጨረጨራለሁ።

ዘንድሮ ግን ሰውዬውን አገኘሁት።

አርዲት ፀሐይ ስለማትወድ ለመቺው ቅርብ ካለው ጥላ ሥር ትቀመጣለች። እኔ ከሜዳው ማዶ፣ ከአጥሩ ውጭ ካለው ሣር ላይ ነኝ፤ የተመታ ኳስ የሚወድቀው እዚያ ነዋ። ማክሰኞ ዕለት ስምንተኛው ዙር ላይ ታዋቂዎቹ ታጣጥበው ሄዱና ከታችኛው ቡድን ለዕለቱ የተጠሩ ልጆች ገቡ። የአንዱ ቁጥር ዘጠና ሦስት ነበር። ድምፅ ማጉያው ስሙን ጠራው፣ ነፋሱ ወሰደው። ልጁ በግራ በኩል ቆሞ የመጀመሪያዋን ኳስ መታት። ኳሷ በራሴ ላይ አልፋ፣ ዘንባባዎቹን ተሻግራ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገባች። እኔ ገና ያልነከስኩት ሆት ዶግ ከእጄ ወደቀ።

ረጋ በል አልኩ ለራሴ፤ አንድ ኳስ ብዙ ሰው አሳስታለች። ሐሙስ ዕለት ዘጠና ሦስት ተመልሶ ገባ። የዚያን ቀን ወርዋሪው ግራኝ ነበር። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዞሮ በቀኝ በኩል ቆመ። ለቀኝ ወርዋሪ በግራ፣ ለግራኝ ወርዋሪ በቀኝ የሚቆም መቺ ሞልቶ የተረፈ አይደለም፤ ማንኛውም አሰልጣኝ እንደ ብርቅ ነው የሚያየው። በቀኝ ሲቆም ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆነ፤ የተረጋጋ፣ የማይቸኩል። መጥፎዎቹን ኳሶች ንቆ አሳለፋቸውና ጥሩዋን ጠብቆ በሁለት ተከላካዮች መሃል አሾለካት። ሣሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ። ሰዎቹ ዞረው አዩኝ፣ ግድ አልነበረኝም።

የዚያን ዕለት ስለ ዘጠና ሦስት ያልነገርኩት ሰው የለም። ለሞቴሉ ባለቤት ነገርኩት፣ ለአሳ ቤቱ አስተናጋጅ ነገርኩት። ለአርዲት እራት ላይ ከመጀመሪያው ጉርሻ እስከ መጨረሻው አወራሁላት። እሷ የያዘችው አንድ ረጅም መቺ ነበር፤ በመከላከል ጊዜ ኳስ ተቀባይ ነው። ሸርጣኗን እየፈለፈለች ስታደምጠኝ ቆየችና ቀና አለች።

"ዘጠና ሦስትን ነው የምትይዘው?"

"እሱን ነው።"

"መቀየር የለም እኮ መርል።"

ቢለምኑኝም አልቀይር አልኳት።

ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት አጥሩ ጋ ሄጄ ጠበቅኩት። ዘጠና ሦስት ላቡን ከጺሙ ላይ እየጠረገ ቀረብ ሲል ኳስ ዘረጋሁለት፤ እሱ እየፈረመ ሳለ በሁለቱም በኩል እንደዚያ መምታት ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት። ልጁ ብዕሩን ይዞ ቆመ።

"በቀኝ የሚመታው እኔ አይደለሁም ጌታዬ፣ ሩፊኖ ነው" አለኝ። "ማሊያው አንድ ነው። ወደ ላይ የተጠራው ይለብሰዋል።"

ጆሮዬ ጋለ። ስሙ ቶቢን እንደሆነ ነገረኝና ፈራ ተባ እያለ፣ ማክሰኞ የመታትን አይቻት እንደሆነ ጠየቀኝ። በራሴ ላይ እንዳለፈች ስነግረው ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። እኔም ኀፍረቴን ረስቼ ዘንባባዎቹን እንዴት እንደተሻገረች በእጄ አሳየሁት።

አርዲት ስትሰማ የመኪናውን በር ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። ከሁለቱ አንዱን ልምረጥ ብላት ወይ ፍንክች። የያዝኩት በሁለቱም በኩል የሚመታ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ እዚህ ቡድን ውስጥ የለም አለችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ ተረተችብኝ። ብዙም ሳይቆይ የእሷም ኳስ ተቀባይ ወደ ታችኛው ቡድን ተመለሰ። ላይል ወንበራችን ላይ ተዘርፍጦ ስልኩን ሲነካካ በዓይኔ ይታየኝ ጀመር።

በልምምዱ የመጨረሻ ቀን የሦስተኛው ቤዝ ተከላካይ ጣቱ ተጎዳና በእሱ ምትክ ሩፊኖ ቡድኑ ውስጥ ገባ። ቶቢን ወደ ታች ተላከ። ዜናውን በሬዲዮ ስሰማ ከአልጋዬ ዘልዬ የአርዲትን ክፍል በር ደበደብኩ። አሸንፌያለሁ አልኳት። አላሸነፍክም አለችኝ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማሽም ወይ ብዬ ጮህኩ። ሞቴሉ ሁሉ እስኪሰማ ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ እጇን አነሳች።

"ያንተ ሰው ግማሹ ገብቷል" አለች። "ከሁለት ወንበር ግማሹ አንድ ነው፣ ውሰድ። ሌላው ላይ እኔ እቀመጣለሁ።"

"ግሌንስ?"

"ግሌን ሬዲዮ ይስማ።"

አንዱን ወንበር በራሴ ዓይን ያገኘሁት ስለሆነ የምከራከርበት አልነበረኝም።

የመክፈቻው ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሁለታችን እዚያ ጎን ለጎን ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነበር፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ስምንተኛው ዙር ላይ ሩፊኖ አዲስ ማሊያ ለብሶ፣ ጀርባው ላይ ስሙ ተጽፎለት ወጣ። ሁለት መጥፎ ኳስ ናቀና ሦስተኛዋን ልክ እንደዚያ ሐሙስ አሾለካት። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ስቀመጥ ቶቢን ትዝ አለኝ።

"ያኛውም ቢኖር" አልኳት።

"ጺማሙ? እሱ ገና ነው፤ ሲመታ ትከሻው ከዱላው ይቀድማል። ማክሰኞ ዕለት ነው ያየሁበት።"

ዞሬ አየኋት። "ሁለት መሆናቸውን መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ሐሙስ። ሩፊኖ ጺም የለውም።"

እኔ ዘጠና ሦስትን የያዝኩት ሐሙስ እራት ላይ ነበር። እያወቀች ለምን ዝም እንዳለችኝ ጠየቅኳት። አርዲት ዓይኗን ከሜዳው አላነሳችም።

"አንዱ ቢቀር አንዱ እዚህ አጠገቤ ያመጣሃል ብዬ ነዋ" አለች። "በሌላ መንገድ እሺ አትልም።"