ስድስት ደህና ሰርቮች

ሶሬቲ ለሰርቭ፣ ለመክፈቻው ምት፣ ኳሱን ወደ ላይ ወረወረችው፤ ራኬቷ ግን ዘግይቶ ደረሰ። ኳሱ መረቡን መትቶ እዚያው ወደቀ።

"ይሄ አይቆጠርም! ድጋሚ ልምታ፣" አለች ወደ ኻሊድ ዞራ።

ኻሊድ አጥሩን ተደግፎ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ይቀርጻል። "ግዴለም፣ የተበላሸው ይቆረጣል። ቀጥዪ አንቺ።"

እንቁ ከመረቡ አጠገብ በኳስ ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምራ ከዚህ የሆቴል ቴኒስ ሜዳ አልወጣችም። መጀመሪያ ሁለት የኤምባሲ ሰዎችን፣ ቀጥሎ ክብደት ለመቀነስ የምትመጣ የባንክ ሥራ አስኪያጅን፣ ከዚያ ከኳሱ ይልቅ ስልካቸውን የሚያዩ ሦስት ወንድማማቾችን አሠልጥናለች። አሁን ስምንት ሰዓት አልፏል። የቦሌ ፀሐይ ከጎረቤት ፎቅ መስታወት ላይ እየነጠረ ፊቷን ይመታታል። ጉልበቷ ዝሏል፤ ዓይኗ ግን አልዛለም። ሌላው ሁሉ ኳሱን ሲከተል እሷ የልጅቷን ክርን ትከተል ነበር።

ክርኑ ከጆሮዋ በላይ አይወጣም። ሶሬቲ ትከሻዋን ላለማንሳት ወገቧን ወደ ግራ ታጥፋለች። ለማያውቅ ሰው የምት ስልት ይመስላል። እንቁ ግን ይህችን መታጠፍ በገዛ ሰውነቷ ታውቃታለች።

የሚቀጥለው ሰርቭ ሲመታ ሜዳው ጮኸ። ኳሱ የመስመሩን ጥግ ነክቶ አጥሩ ላይ ተጋጨ።

"ይሄ ነው!" አለ ኻሊድ። "ስድስት ደህና ሰርቭ አለን። በቃን!"

ሶሬቲ ፈገግ አለች። ፈገግ እያለች ራኬቱን በቀስታ ወደ ግራ እጇ አዛወረችው።

ሶሬቲ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ የሺአረግ በዚሁ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ ልጅቷን ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ከትምህርት ቤት መልስ የሚጠብቅላት ስታጣ ይዛት መጥታ ሜዳው ዳር አስቀመጠቻት። እንቁ ለአሮጌ ራኬት አጭር እጀታ አበጅታ ሰጠቻት። እነሆ ስምንት ዓመት ሆነው። ሶሬቲ በትምህርት ቤቶች ውድድር ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጣች። አሁን ደግሞ አንድ አሜሪካ ያለ ኮሌጅ አሠልጣኝ በእንቁ በኩል ጽፎላታል፤ ለቡድኑ አንዲት ልጅ ይፈልጋል፣ ትምህርቱም ማደሪያውም በኮሌጁ ወጪ ነው። የሚቀረው የጨዋታዋና የሰርቯ ቪዲዮ ብቻ ነበር፤ እሱም እስከ ዛሬ ማታ።

"ነይ ተቀመጪ፣" አለቻት እንቁ።

"ኮች፣ ባክሃንድ ምቱ አልተቀረጸም እኮ።"

"ይደርሳል። ነይ።"

አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። "ቀኝ እጅሽን በጎን አንሺ። ቀስ ብለሽ። ወደ ላይ።"

እጇ ከትከሻዋ ትይዩ ሲደርስ ቆመ። ሶሬቲ ከንፈሯን ነከሰች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ትንሽ ነው። ሲሞቅ ይተወኛል።"

"ሶሬቲ፣ ከመቼ ጀምሮ?"

ልጅቷ የጫማዋን ክር አየች። "ከጥምቀት ወዲህ። ግን ክሊኒክ ሄጄ ማስታገሻ ተወግቻለሁ። ሦስቴ። ስወጋ ለጥቂት ሰዓት ምንም አይሰማኝም። ዛሬም ጠዋት ተወግቼ ነው የመጣሁት።"

"እናትሽ ታውቃለች?"

"እንዳትነግሪያት። ኮች፣ በእናትሽ።"

ኻሊድ ቪዲዮውን እያገላበጠ መጣና የሆነውን ከሁለቱ ፊት አነበበ። እንቁን በዓይኑ ጠርቶ ወደ አጥሩ ወሰዳት።

"አውቄያለሁ፣" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ትከሻዋን እያመማት ነው። ግን ትሂድ። እዚያ ሐኪም አለ፣ ማሽን አለ። እዚህ ማን ያያታል? እኛስ ስንጫወት ያላመመን ማን ነበር?"

"እዚያ ያለው ሐኪም የቡድኑ ነው፣ የሷ አይደለም።"

"እንዴት ማለት?"

እንቁና ኻሊድ በአንድ መንግሥት ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአንድ አሠልጣኝ እጅ ያደጉ፣ በድብልቅ ጥንድ አብረው የተጫወቱ ናቸው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ከአሜሪካ ኮሌጅ የመጣ አሠልጣኝ አያቸው፤ ለሴት እንጂ ለወንድ ቦታ የለኝም አለና እንቁን ብቻ ወሰደ። ኻሊድ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አራት ዓመት ለግቢው ቡድን ተጫወተ፤ በስፖርት ሳይንስ ተመረቀ። እንቁ በሦስተኛው ዓመት ተመለሰች። "እናቷ ታመው ነው፤ የእናት ነገር ሆኖባት ነው" ተባለ። ሰውም አደነቃት።

ወደ አግዳሚው ተመልሳ ተቀመጠች። ኻሊድ ተከትሏት እዚያው ቆመ። ሂድ አላለችውም።

"ኮች፣ አንቺም እኮ ሄደሻል፣" አለች ሶሬቲ። ዓይኗ እንባ አቅሯል። "አንቺ ስትሄጂ ማንም አልከለከለሽም።"

"ምነው የሚከለክለኝ ሰው በነበረ።" እንቁ የራሷን ቀኝ ትከሻ ያዘች። "እኔም ያኔ አሞኝ ነው የሄድኩት። ለማንም አልተናገርኩም። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አራት ጨዋታ አሸነፍኩ፤ ፎቶዬን መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሰቀሉት። በሁለተኛው ዓመት እጄን አንስቼ ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ። ሐኪሙ ወጋኝ። ቅዳሜ ጨዋታ ካለ ዓርብ ይወጋኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቀን መሀል ሜዳ ላይ የሆነ ነገር ተቀደደ። ድምፁን ሰማሁት።"

ሶሬቲ ዓይኗን ከእንቁ ትከሻ አላነሳችም።

"የነፃ ትምህርቱ ውል በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። አሠልጣኙ ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻይ ጋበዘኝ። ለመጪው ዓመት አይታደስም አለኝ። የምከፍለው ስለሌለኝ ተመለስኩ። ሁለት ዓመት ተምሬ፣ አንድም ወረቀት ሳልይዝ።"

"እናትሽ ታመው አይደል እንዴ?" አለ ኻሊድ።

"እናቴ አልታመመችም። ወለተማርያም ጤነኛ ነበረች። እኔን ከሰው ዓይን ለማዳን ሻሿን ግንባሯ ላይ ጠምጥማ ሁለት ወር ሙሉ ተኛችልኝ። ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ሲመጣ ታቃስታለች። ሲወጣ ተነስታ ወጥ ትሠራለች።"

ኻሊድ ሊስቅ ብሎ ተወው። ኳስ ከመሬት አንስቶ በእጁ አገላበጠ። "ወላሂ እንቁ፣ አስራ አምስት ዓመት ቀንቼብሻለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ለኔ እንኳ አልነገርሽኝም?"

"ለማን ልናገር ነበር? ሰው ሁሉ ጎበዝ ልጅ ይለኛል። እናቷን መረጠች ይለኛል።"

ሶሬቲ ተነሳች። ራኬቷን ከረጢቷ ውስጥ ከተተች፤ ዚፑ አልዘጋ ብሎ ታገላት። "እኔ ግን አንቺን አይደለሁም፣" አለች። "ያንቺ እንዲያ ሆነ ማለት የኔም ይሆናል ማለት አይደለም።"

"ልክ ነሽ። አይደለም።"

"ታዲያ ቪዲዮውን ላኪልኝ!"

የሺአረግ ፈረቃዋን ጨርሳ በሜዳው በር የገባችው ይህን ጊዜ ነው። ሰማያዊ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበር፤ የውሃ ብዛት የጨማደደውን እጇን በሻርፗ እያበሰች መጣች። "እንቁዬ፣ አለቀ? እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ልቤ እዚህ ነው የዋለው። አንሶላ አጥፌ የት እንዳስቀመጥኩ አላውቅም።"

ሶሬቲ ከእናቷ ጀርባ ሆና እንቁን አየቻት። በዓይኗ ትለምናታለች።

"አላለቀም እትዬ የሺ፣" አለች እንቁ። "ትከሻዋን አሟታል። እያስወጋች ነበር የምትጫወተው። ሐኪም ሳያያት ቪዲዮውን ባንልከው ይሻላል ብዬ ነው።"

የሺአረግ ልጇን ዞራ አየች። ሶሬቲ ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች። እናትየው አግዳሚው ላይ እንደ መውደቅ ብላ ተቀመጠች።

"ሐኪም እስኪያያት ይጠብቋታል?"

"አላውቅም። ላይጠብቋት ይችላሉ።"

"ላይጠብቋት ይችላሉ።" የሺአረግ ቃሉን በቀስታ ደገመችው። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "አንቺ ሄደሽ አይተሽ ነው የመጣሽ። የኔ ልጅ ተራ ሲደርስ ነው በሩ የሚዘጋው? እኔ የሰው አንሶላ እያጠብኩ ያሳደግኋት ይቺን ቀን ለማየት ነበር።"

ሴትዮዋ ሐሰት አልተናገረችም። የሺአረግ ተነስታ የልጇን ከረጢት ከመሬት አነሳች፤ ልጅቷ በቀኝ ትከሻዋ እንዳትሸከመው በራሷ አንገት ላይ አንጠለጠለችው።

"እንግዲህ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣" አለች በሩ ጋ ስትደርስ፣ ዞር ሳትል። "ብትልኪም ባትልኪም እኔ አልፈርድብሽም።"

መፍረድማ ፈርዳለች። እንቁ እሱን ሰምታለች።

መገናኛ ስትደርስ አስራ አንድ ተኩል ሆኗል። ወደ ቤቷ የሚወስደው የየካ አባዶ ታክሲ ሰልፍ ከመንገዱ ጠርዝ ተነስቶ እስከ ልብስ ሻጮቹ ድረስ ተጥመልምሏል። ከጫፍ ገብታ ቆመች። ቦርሳዋን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረች። አርባ ደቂቃ ቆማ፣ ከፊቷ አስራ አንድ ሰው ሲቀር፣ ስልኳ ነዘረ። ኻሊድ ነበር። ቪዲዮውን ቆርጦ ልኮላታል። ከሥር "የአሠልጣኙ አድራሻ ያለው አንቺ ጋ ነው። አላስገድድሽም" ብሎ ጽፎበታል።

ከፈተችው። ሶሬቲ ስድስት ጊዜ ተከታትላ ኳስ ወረወረች፤ ስድስቱም ጊዜ ራኬቱ ኳሱን አጥብቆ መታው። አስራ ስምንቱ የተበላሹ ሰርቮች የሉም። ያች መታጠፍ እንኳ በዚህች ትንሽ ስክሪን ላይ ውበት ሆና ታየች። እንቁ ደግማ አየችው። ማንም አያውቅም። አንዴ ብትነካው ይሄዳል፤ እሷም ታክሲዋን ይዛ፣ አራተኛ ፎቅ ወጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ ትተኛለች። ልጅቷ ትደሰታለች፣ እናቷ ትመርቃታለች። ምናልባትም ትከሻው ይድናል። ብዙ ሰው ይድናል።

ጣቷ ስክሪኑ ላይ ቆየ።

ታክሲ መጥቶ ሰልፉ ገፋ። ከኋላዋ ያለች፣ ሕፃን ያዘለች ሴት "እህቴ፣ ሂጂ እንጂ" አለቻት። አምስት ሰው ቀራት። እንቁ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ቪዲዮውን ዘግታ ሶሬቲ ጋ ደወለች። ብዙ ጠራ።

"አቤት፣" አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ከልቅሶ የወጣ ነው።

"ቤት ናችሁ?"

"ቤት ነን።"

"ለአሠልጣኙ ደብዳቤ እንጽፍለታለን። ትከሻዋን አሟታል፣ ሐኪም ሊያያት ነው፣ ሁለት ወር ስጡን እንለዋለን። እኔም በስሜ እጽፋለሁ። የት ኮሌጅ እንደተጫወትኩ፣ ለምን እንደተመለስኩ።"

ከሶሬቲ ጀርባ የየሺአረግ ድምፅ "ማን ናት?" ሲል ተሰማ።

"እምቢ ቢለንስ?" አለች ልጅቷ።

"እምቢ ካለ እምቢ አለ። ሌላ ኮሌጅ አብረን እንፈልጋለን። ትከሻ ግን ሌላ የለሽም።"

ታክሲው መጫኑን ቀጠለ፤ ሰዉ ከኋላ ገፋ።

"ባክሃንዴ ጥሩ እንደሆነም ትጽፊለታለሽ?" አለች ሶሬቲ።

"እሱን ነው መጀመሪያ የምጽፈው።"

"እሺ።" አፍንጫዋን ሳበች። "ግን አሁንም ተናድጄብሻለሁ።"

"ተናደጂ። መጣሁ፣ ጠብቂኝ።"

ስልኩን ዘጋች። ታክሲው ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል፣ ራስን ደገፍ አድርጎ የሚተኛበት ዓይነት። እንቁ ቦታውን ትንሽ አየችው።

"ግቢ አንቺ፣" አለቻት ሕፃን ያዘለችውን ሴት፤ ከሰልፉም ወጣች። ወደ እነ ሶሬቲ ሰፈር፣ ወደ ገርጂ፣ የሚሄዱት ታክሲዎች የሚጭኑት ከመንገዱ ማዶ ነው። እግሯን እየጎተተች መሻገሪያውን ፍለጋ ሄደች።