በወንዶች በኩል ያለው ውሃ

«ዘፈኑስ!» አሉ ሽማግሌው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እየጨመቁ። «ከእንግዲህ ማን ሊዘፍንልን ነው?»

ሩዢጻ የቡናውን ትሪ እንደያዘች ቀጥ አለች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ይገባል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ ከራኪያው አረቄ ለሟች ጠብ ያደርጋል፣ ያለ ስኳር የቀረበለትን ቡና ጠጥቶ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ግን አልነበረም። ሽማግሌው ቤት ተሳስተዋል ብላ አሰበች። በዚህ ሳምንት በር ላይ ባለው የመብራት ምሰሶ የሁለት ሟቾች ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ አንዱ የአባቷ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ ሠርግ ሲያደምቅ የኖረ የአንድ አኮርዲዮን ተጫዋች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ጎንበስ ብላ፣ «የአኮርዲዮኑ ሰውዬ ቤት ከድልድዩ ማዶ ነው። ይሄ የኦብረን ቤት ነው።»

«አውቃለሁ እንጂ ልጄ! ኦብረንን እኮ ነው የምልሽ። የፍል ውሃውን ኦብረን።»

«አባቴ አይዘፍንም ነበር።»

ሽማግሌው ቲሆሚር ይባላሉ፤ የሽቦ ፋብሪካው ሳይዘጋ ክሬን ነጂ ነበሩ። አፋቸውን ከፍተው አዩዋትና ወደ እናቷ ወደ ስታመንካ ዞሩ። ስታመንካ ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ የሻማውን ክር ትቆነጥራለች። ጎረቤታቸው ፐርሲዳ ከወንበሯ ብድግ ብላ «ጋሽ ቲሆሚር፣ ንፍሮ ይቅመሱ እንጂ!» አለችና፣ በስኳርና በተፈጨ ለውዝ የተለወሰውን ስንዴ በማንኪያ ልታጎርሳቸው ምንም አልቀራት። የሰው አፍ ለመዝጋት መቼም ንፍሮን የሚያህል የለም።

ሩዢጻ የምታውቀው ኦብረን ሌላ ሰው ነው። ከሥራ ይገባል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ሾርባውን ይጠጣል፣ «ተባረኪ» ይላል፣ ይተኛል። ራዲዮናቸው ዳንቴል ለብሶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። አንደኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤት የለመደችውን ዘፈን ገበታ ላይ ብትጀምርለት፣ ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ። ወዲያው ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ ተሰማ። እናቷም «በዚህ ቤት አይዘፈንም» አለቻት፤ ሌላ አልጨመረችም። በሠርጓ ዕለት እንኳ ሙዚቃው ሲጀመር አባቷ ተነስቶ፣ ውጭ መኪና ተደግፎ ሲያጨስ አመሸ። አባቴ አይወደኝም ብላ ደመደመች። ኖቪ ሳድ ከተማ ገብታ ስትኖርም ወደዚህች ከተማ የምትመጣው ለዓመት በዓል ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የመጡት እንግዶች ደግሞ ነገሩን አባሱት። ጡረታ የወጡ አንድ ፖስተኛ፣ ኦብረን ፍል ውሃው ውስጥ ወገባቸውን እያሸ ሲያንጎራጉርላቸው ሕመማቸውን ይረሱ እንደነበር አወሩ። ፋብሪካው በደህናው ዘመን የሌሊት ፈረቃው ሲያልቅ፣ እጃቸው ዘይት የጠገበ ሠራተኞች ወደ ቤታቸው መሄዱን ትተው ወደ ፍል ውሃው ይጎርፋሉ። ኦብረን በር ላይ ቆሞ «መጀመሪያ ታጠቡ እናንተ ቆሻሾች! ዘፈን ለንጹሕ ሰው ነው!» ይላቸዋል።

«ቀልደኛ እኮ ነበር!» አሉ ፖስተኛው እንባቸውን እየጠረጉ።

ቀልደኛ! ሩዢጻን ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት። የሞተው የማን አባት ነው? ለማንስ ነው ጥቁር የለበሰችው? ግራ ገባት፤ ከግራ መጋባቱ ሥር ደግሞ አንድ የሚያቃጥል ነገር ነበር፣ ቅናት። አባቷን ፖስተኛው ወስደውባታል።

ወጥ ቤት ገብታ ከፐርሲዳ ጋር ለውዝ መስበር ያዘች።

«የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ማለት አባቴ ነው» አለች።

«ተይ! ሙት አይወቀስም።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ፣ እትዬ ፐርሲዳ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።»

ፐርሲዳ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ቪዶዬ እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ አይደል?»

ቪዶዬ እሷ ሳትወለድ የሞተ ወንድሟ ነው፤ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ከሽቦ ፋብሪካው የሚወጣው ውሃ ትኩስ ስለነበር የሠፈሩ ልጆች በክረምት ቦዩ ውስጥ ይዋኙ ነበር። አንድ ቀን ሁሉም ሲወጡ እሱ አልወጣም። ይህን ታውቃለች።

«ሲቀበር እናትሽ 'በቤቴ ከእንግዲህ አይዘፈንም' ብላ መቃብሩ ላይ ማለች» አለች ፐርሲዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኛም ዓመት ይሙላ፣ ይበርድላታል አልን። ዓመቱ ሞላ፤ ጥቁሯንም አወለቀች። ዘፈኑን ግን ማን ደፍሮ ይጀምር? አባትሽ እሷ 'በቃ' እስክትለው ይጠብቃል፤ እሷ ደግሞ እሱ እስኪጀምር ትጠብቃለች። እንዲህ ሲጠባበቁ ዕድሜያቸው አለቀ። እሱ ቦዩን ማየት ስላልቻለ ፋብሪካውን ትቶ ፍል ውሃው ተቀጠረ። እዚያ ቤቱ አይደለም፤ መሐላ የለበትም። ድሮም እኮ እናትሽን በፍቅር የጣላት በድምፁ ነው!»

«እኔስ?» አለች ሩዢጻ። ለውዙ ከእጇ ወደቀ። «እኔ እኮ አልሞትኩም ነበር!»

ፐርሲዳ ጎንበስ ብላ ለውዙን ከወለሉ ለቀመች።

አመሻሽ ላይ እንግዳው ሲሳሳ ሩዢጻ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ለፖስተኛ ዘፈነ፣ ለክሬን ነጂ ዘፈነ። ለእኔ አንድ ቀን ቢዘፍንልኝ ምን ነበረበት?»

ስታመንካ ሻማውን አየች አየችና «ዘፍኖልሻል» አለች።

«መቼ?»

«ነገ ቅዳሜ ነው» አለችና ልትተኛ ገባች።

ሐዘኑ የእናቴን ናላ አዞረው ብላ ሩዢጻ ፈራች።

በማግስቱ ጠዋት መቃብር ሄደው ሻማ አበሩ፣ አፈሩ ላይ ወይን አፈሰሱ፣ ከኦብረንና ከቪዶዬ መስቀል ሥር ዳቦ አስቀመጡ። ሲመለሱ መንታ መንገዱ ላይ ስታመንካ የቤቱን ትታ ወደ ፍል ውሃው ታጠፈች። ከጥቁር ቦርሳዋ የፎጣ ጫፍ ብቅ ብሏል።

ፐርሲዳ ክንዷን ያዘቻት። «አንቺ ሴትዮ! አፈሩ ሳይደርቅ ገላ ልትታጠቢ? ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። ቅዳሜ ነው።»

ፐርሲዳ አማተበችና ቀረች። ሩዢጻ ሌላ ምርጫ ስላልነበራት እናቷን ተከተለች።

ፍል ውሃው ከፋብሪካው ጋር አብሮ አርጅቷል። የግድግዳው ሸክላ ረግፏል፤ ጥበቃዋም ሁለቱን ጥቁር ለባሾች አይታ የመግቢያውን ትኬት መቁረጥ ረሳች። ከጉልላቱ ሥር ወንዶችንና ሴቶችን የሚለየው ግንብ ጣሪያው ጋ ሳይደርስ የቆመ ነው። የድኝ ሽታ ያለው እንፋሎት ፊቷን ሲመታት ሩዢጻ ደጃፉ ላይ ቆመች።

ልጅ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ይመጡ ነበር። እናቷ ጉልበቷን የሚያማት ሴት አልነበረችም፤ እንዲያውም ሙቅ ውሃ ራሴን ያዞረኛል ትል ነበር። ቅዳሜ ግን ቀርታ አታውቅም። ከግንቡ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጥና የመዳብ ጣሳዋን ከግንቡ ጋር ሦስት ጊዜ ታጋጫለች። ያኔ ከማዶ አንድ ወፍራም ድምፅ ይነሳና ጉልላቱን ይሞላል። ዘፈኑ ስለ አንዲት ትንሽ ልጅ ነበር፤ የልጅቷም ስም ሩዢጻ ነበር።

«እማዬ፣ ማነው?»

እናቷ ዓይኗን እንደጨፈነች «ውሃው ነው» ትላለች። «በወንዶች በኩል ያለው ውሃ ይዘፍናል።»

ሩዢጻ ነገሩን አምና ነበር። ውሃ ስሟን የሚያውቃት እሷ ብቻ እንደሆነች አምና፣ ትምህርት ቤት አውርታ ተሳቀባት። ስታድግ ሕልም ነው ብላ ተወችው። ቤት ውስጥ «ተባረኪ» ብቻ የሚለው ድምፅና ያ ድምፅ አንድ መሆናቸውን እንዴት ብላ ትጠርጥር?

«እማዬ» አለች። «ውሃው...»

ስታመንካ ልብሷን አውልቃ ፎጣ አገለደመች። የድሮው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ሩዢጻንም ከጎኗ ሳበቻት። ከቦርሳዋ ጣሳውን አወጣችና ግንቡን ሦስት ጊዜ መታች። ፊቷን ወደ ላይ አቅንታ ጠበቀች። ከማዶ አንድ ሰው አሳለው። ከዚያ በቀር የሚሰማው የውሃ መውረድ ብቻ ነው።

ብዙ ጠበቀች። ከዚያ ጣሳውን ሞላችና እንደ ልጅነቷ የሩዢጻ ራስ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችላት። ሌላኛውን እጇን ግን ከግንቡ ላይ አላነሳችም።