መቀሷ ጥፋተኛ ስትፈልግ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «መቀሷ» ይላታል፤ ምላሷ ስለታም ነው። ፊት ለፊት ግን ደፍሮ የሚላት የለም፤ እሷ ዘንድ ያላለቀ ልብስ የሌለው ሰው አይገኝማ።

ጤና ጣቢያ የሄደችው ጎረቤቷን አጅባ ነበር። «እግረ መንገድዎን የማህፀን በር ምርመራ ያድርጉ፣ በነጻ ነው» ሲሏት እምቢ ማለት አልሆነላትም። ጎረቤቷ ምንም የለባትም ተባለ። መቀሷ ላይ ግን ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ተገኘ፤ የማህፀኗ በር ጫፍም ሲታይ የተለወጡ ሴሎች አሉበት።

«ካንሰር ነው በይኛ!»

«አይደለም እናቴ» አለች ነርሷ። «ቫይረሱ ብዙ ሰው ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። አንዳንዱ ላይ ግን አልወጣም ብሎ ይቀመጥና ሴሎቹን ቀስ በቀስ ይለውጣቸዋል። ዝም ከተባሉ ከዓመታት በኋላ ካንሰር የሚሆኑት እነሱ ናቸው። እኛ ደግሞ ዛሬውኑ በሙቀት ተኩሰን እናጠፋቸዋለን።»

«በምንድን ነው የሚተላለፈው?»

«በግብረ ሥጋ ግንኙነት።»

መቀሷ ቦርሳዋን አነሳች። «መጣሁ» ብላ ወጣች። አልተመለሰችም።

ቤት ገብታ የባሏን ሱሪዎች በሙሉ አወጣችና የእግራቸውን ጫፍ ሰፍታ ዘጋችው። ደሟ ቢፈላም ሥራ አታበላሽም፤ ሁሉንም በድርብ ስፌት ሰፋችው። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ወሬ አያበዛም። ጠዋት እግሩን አስገባ፣ እግሩ መሀል መንገድ ቀረ።

«ይሄ ሱሪ መውጫ የለውም» አለ።

«ከየትኛዋ እንዳመጣኸው ስትነግረኝ እፈታልሃለሁ።»

«ምኑን?»

ነገረችው። ሰውየው ሱሪውን አጥፎ አስቀመጠ። «ከሟቿ ሚስቴና ካንቺ በቀር ሴት አላውቅም» አለና የሥራ ቱታውን ለብሶ ሄደ።

መቀሷ ወደ ነርሷ ተመለሰች፤ ለመታከም ሳይሆን ምስክር ፍለጋ። ነርሷ ግን ምስክር አልሆን አለች።

«መቼ እንደገባ ማወቅ አይቻልም እናቴ። ስንት ዓመት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ከበፊቱ ባልዎም ሊሆን ይችላል።»

«እሱን እንዳትነኪብኝ! አፈሩን ገለባ ያድርግለትና መልአክ ነበር!»

የሟቹ ፎቶ ከስፌት መኪናዋ በላይ ተሰቅሏል። ሁለተኛው ባል ምግብ በቀረበ ቁጥር ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ኖሯል፤ አንድ ቀን አሸንፎ አያውቅም።

«እኔ ማንንም አልከሰስኩም» አለች ነርሷ። «እንታከም ነው ያልኩት።»

«ጥፋተኛው ሳይታወቅ? ወይ ፍንክች!»

የዚያን ቀን ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ከምሳ በኋላ አሳዘናትና መለሰችው። እንዲህ ስትል ወራት አለፉ። ከሁለቱ ተከሳሾች አንዱ ሞቷል፣ አንዱ አይናገርም፤ ፍርዱም አልሰጥ አለ። ነርሷ ስትደውል መቀሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

አንድ ከሰዓት ስልኩን ያነሳው ባልየው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማ፣ አንድ ነገር ጠየቀ፣ ዘጋ። ከዚያ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ያለ ልማዱ እሱ ወሬ ጀመረ።

«የሟቿን ሚስቴን አሟሟት ነግሬሽ አላውቅም» አለ። «ደም ይፈሳት ነበር። የማህፀን በር ካንሰር ነው አሉን። ያወቅነው ከመሸ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢታወቅ ሊታከም ይችል እንደነበር የነገረን ሰው የለም።»

መቀሷ የስፌት መኪናውን አቆመች።

«ስለዚህ ያመጣሁት እኔ ልሆን እችላለሁ። ላልሆንም እችላለሁ፤ አላውቅም። ጥፋተኛው አንተ ነህ በይኝና ይለቅ። ሰፈሩን ሰብስበሽ ስደቢኝ፣ ከፈለግሽ አባሪኝ። ሌላ ሚስት ግን አልቀብርም።»

ስንት ወር የፈለገችው ጥፋተኛ በገዛ እጁ መጥቶ ተቀምጧል። ያዘጋጀችለት ስድብ ሁሉ ግን ውሃ በላው። ሰውየውን ቀና ብላ አየችው። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሷ ፈራች።

«ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለች።

«ጤና ጣቢያው አሁንም ክፍት ነው» አለ። «ጠይቄያለሁ።»

መቀሷ የሰው ቀሚስ መርፌው እንደተሰካበት ትታ ተነሳች።